ብርድ ወዳድ ሣር በዓመት ውስጥ መቼና ስንት ማዳበሪያ ይፈልጋል?

ብዙ ሰው የግቢው ሣር ትዝ የሚለው ብርዱ ለቀቅ ሲል፣ ጎረቤት ማጨጃውን አውጥቶ ሲያስነሳ ነው። ያን ጊዜ አንድ ጆንያ ማዳበሪያ ገዝቶ በአንድ ቀን በትኖት ያርፋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሣሩ ጥቁር አረንጓዴ ይሆናል፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ካልታጨደ አልገዛም ይላል። ሙቀቱ ሲመጣ ደግሞ ያው ሣር ከሁሉ ቀድሞ ይጠወልጋል። ማዳበሪያው መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ የተሳተው ጊዜው ነው። ለብርድ ወዳድ ሣር ዋናው የምግብ ወቅት ሙቀቱ በርዶ ዛፎች ቅጠላቸውን ማራገፍ ሊጀምሩ ሲሉ ያለው ነው። የጸደዩ ማዳበሪያ ማሟያ ነው። በሙቀት ወራት ደግሞ ባብዛኛው እጅ መሰብሰብ ይሻላል።

ብርድ ወዳድ የሚባሉት ኬንታኪ ብሉግራስ፣ ፔሬኒያል ራይግራስ፣ ቶል ፌስኪው፣ ቅጠላቸው እንደ መርፌ የቀጠነ የፋይን ፌስኪው ዝርያዎችና ቤንትግራስ ናቸው። ቅጠላቸው በደንብ የሚያድገው አየሩ ከ16 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው። ሥራቸው ግን ከዚያ ቀዝቀዝ ያለ፣ ከ10 እስከ 18 ዲግሪ የሆነ አፈር ይወዳል። በጸደይ ቅጠሉ ሳይጎተጎት በራሱ ይገሰግሳል፤ ያን ጊዜ ናይትሮጅን፣ ማለት ቅጠል የሚያሳድገው ዋናው የማዳበሪያ ንጥረ ነገር፣ ሲጨመርበት ሣሩ በሥሩና በግንዱ ያጠራቀመውን ስኳር ሁሉ ቅጠል ላይ ያፈሰዋል። በመጸው ነገሩ ይገለበጣል፦ ቅጠሉ እድገቱን ይቀንሳል፣ ፀሐይ ግን አለች፤ ስለዚህ የሚሠራው ስኳር ወደ ሥር፣ ወደ አዲስ ቡቃያና ወደ ስንቅ ይሄዳል። የዓመቱ ፕሮግራም በሙሉ ከዚህ ልዩነት የሚወጣ ነው።

ከታች የተጠቀሱት ወራት ለሰሜን ንፍቀ ክበብ ናቸው፤ ከምድር ወገብ በታች ያለ ሰው ስድስት ወር ይጨምርባቸው። የሙቀት ወራት ሲባል ጁን፣ ጁላይና ኦገስት፣ መጸው ሲባል ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር፣ ጸደይ ሲባል ከማርች እስከ ሜይ ያለው ነው። እንዲያም ሆኖ የቀን መቁጠሪያ ግምት ብቻ ነው፤ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ የሚሰካ ተራ የአፈር ቴርሞሜትር ከእሱ ይበልጣል።

የዓመቱ በጀት

የሚቆጠረው ናይትሮጅን ነው። ሌሎቹ ንጥረ ነገሮች በአፈር ምርመራ ይወሰናሉ፤ ናይትሮጅን ግን አፈር ውስጥ ስለማይቆይ በየዓመቱ በዕቅድ ይሰጣል።

ኬንታኪ ብሉግራስና ራይግራስ በዓመት በካሬ ሜትር ከ10 እስከ 20 ግራም ናይትሮጅን ይፈልጋሉ። ቶል ፌስኪው ከ10 እስከ 15 ግራም ይበቃዋል። ፋይን ፌስኪው ከ5 እስከ 10 ግራም ካለፈ ይበላሻል እንጂ አያምርም፤ ቅጠሉ ይልፈሰፈስና ተኝቶ ይቀራል። ዝርያውን የማያውቅ ሰው ከ10 ግራም ይጀምር። መጨመር ሁልጊዜ ይቻላል፣ የተበተነውን መልቀም ግን አይቻልም።

ይህን ቁጥር ዝቅ የሚያደርጉ ነገሮች አሉ። የታጨደውን ሣር ሳይሰበስቡ እዚያው የሚተዉት ከሆነ ከዓመቱ ፍላጎት ሩብ ያህሉን ያው ብጣሽ ይመልሳል፤ ደረቅ ክብደቱ ከ3 እስከ 4 በመቶ ናይትሮጅን ስለሆነ በከረጢት ሞልቶ መጣል ማዳበሪያ እንደ መጣል ነው። ከዛፍ ጥላ ሥር ያለ ሣር የግማሹ መጠን ይበቃዋል፤ ብርሃን ሳያገኝ ናይትሮጅን ሲበዛበት ይሳሳል እንጂ አይጠነክርም። ከ10 ወይም ከ15 ዓመት በላይ በደንብ የተያዘ ሣር አፈሩ ውስጥ ብስባሽ ስላጠራቀመ ፍላጎቱ ይቀንሳል። ክሎቨር የሚባለው ባለ ሦስት ቅጠል ተክል የተቀላቀለበትም እንዲሁ፣ ክሎቨሩ ራሱ ከአየር ናይትሮጅን ስለሚይዝ። አሸዋማ አፈር ሌላ ጉዳይ ነው፦ የዓመቱ ድምር ብዙም አይለይም፣ ግን ቶሎ ታጥቦ ስለሚያልፍ በየሦስት አራት ሳምንቱ ከ2.5 ግራም ባልበለጠ ተከፋፍሎ መሰጠት አለበት።

አንድ ደንብ ለሁሉም ይሠራል፦ በውኃ ቶሎ የሚሟሟ ናይትሮጅን በአንድ ጊዜ ከ5 ግራም በካሬ ሜትር አይበልጥም። ከዚያ ያለፈው ወይ ሣሩን ያቃጥላል፣ ወይ ታጥቦ ከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ይገባል።

ጆንያው ላይ ያሉት ሦስት ቁጥሮች

25-5-10 የሚል ጆንያ ከክብደቱ 25 በመቶ ናይትሮጅን፣ 5 በመቶ ፎስፌት፣ 10 በመቶ ፖታሽ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው በኦክሳይድ መልክ የተጻፉ ስለሆኑ ንጹሕ ፎስፈረስ ለማግኘት ፎስፌቱን በ0.44፣ ንጹሕ ፖታሲየም ለማግኘት ፖታሹን በ0.83 ያባዙ። የላቦራቶሪ ውጤት አንዳንዴ በአንዱ፣ አንዳንዴ በሌላው ስለሚጻፍ ይህን ያላየ ሰው ከእጥፍ በላይ ሊሳሳት ይችላል።

ስሌቱ አጭር ነው፦ የሚፈለገውን የናይትሮጅን ግራም ለመቶኛው ማካፈል። 5 ግራም ሲካፈል ለ0.25 ሃያ ግራም ማዳበሪያ በካሬ ሜትር ይሆናል። ሣሩ 300 ካሬ ሜትር ከሆነ 6 ኪሎ ማለት ነው። ዩሪያ 46 በመቶ ስለሆነ ለዚያው 5 ግራም 11 ግራም ያህል ብቻ ይበቃል፤ 21 በመቶ የሆነው አሞኒየም ሰልፌት ደግሞ 24 ግራም ያህል ይፈጃል። አንድ እፍኝ ዩሪያና አንድ እፍኝ አሞኒየም ሰልፌት በዓይን ይመሳሰላሉ፣ ጉልበታቸው ግን ከእጥፍ በላይ ይለያያል። በእፍኝ የሚገምት ሰው ሣሩን የሚያቃጥለው እዚህ ላይ ነው።

ስፋቱንም በግምት አይውሰዱት። የቦታው ስፋት ሌላ፣ የሣሩ ስፋት ሌላ ነው። ቤቱን፣ መንገዱን፣ የአበባ መደቡን ቀንሰው የቀረውን በአራት ማዕዘንና በሦስት ማዕዘን ቆራርሰው በሜትር ይለኩ። አንድ ጊዜ ለክተው መበተኛው ላይ በቀለም ቢጽፉት ለዘለዓለም ይሆናል።

ጆንያው ጀርባ ላይ ሌላ የሚነበብ ነገር አለ፦ ከናይትሮጅኑ ስንት እጁ ቀስ ብሎ የሚለቅ ነው? ተራ ዩሪያና አሞኒየም ሰልፌት በቀናት ውስጥ ይሠራሉ፣ በአምስት ስድስት ሳምንት ውስጥ ያልቃሉ። በሰልፈር ወይም በፖሊመር የተለበጠ ዩሪያ እንደ ልባሱ ውፍረት ከስምንት ሳምንት ጀምሮ ለወራት ይዘልቃል። የዶሮ ፍግን የመሳሰሉት የተፈጥሮ ማዳበሪያዎች ናይትሮጅናቸው ከ10 በመቶ በታች ነው፤ የሚፈቱትም በአፈር ውስጥ ባሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ስለሆነ አፈሩ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ተኝተው ይቆያሉ። ሣር አያቃጥሉም ማለት ይቻላል፣ ነገር ግን በብርድ ጊዜ ፈጣን ውጤት ከእነሱ አይጠበቅም።

የአፈር ምርመራ

በየሦስት ዓመቱ አንዴ ይበቃል። ከሣሩ ከተለያየ ቦታ ከ10 እስከ 15 ናሙና፣ ከላይ ካለው ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ድረስ ያውጡ፤ ሣሩንና ገለባውን ያራግፉ፣ በንጹሕ የፕላስቲክ ባልዲ ቀላቅለው በጥላ ያድርቁና ለላቦራቶሪ ይስጡ። የብረት ባልዲ፣ በተለይ የዛገ፣ የንጥረ ነገሩን ውጤት ያዛባል።

ውጤቱ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ፒኤች፣ ማለት የአፈሩ የአሲድነት መለኪያ፣ ነው። ከ6 እስከ 7 ከሆነ ጥሩ ነው። ከዚያ ከወረደ ኖራ ያስፈልጋል፤ መጠኑን ላቦራቶሪው ይናገራል። ኖራና ዩሪያ ወይም ኖራና አሞኒየም ሰልፌት ግን በአንድ ሳምንት አይበተኑም፤ ናይትሮጅኑ ወደ አሞኒያ ጋዝ ተቀይሮ ይበናል። ፎስፈረስ አፈሩ ውስጥ በቂ ከሆነ መካከለኛው ቁጥር 0 የሆነ ማዳበሪያ ይግዙ። ትርፍ ፎስፈረስ ሣሩን አይጠቅምም፤ ከዝናብ ጋር ታጥቦ ኩሬና ሐይቅ ውስጥ አልጌ ያፈላል። በዚህ ምክንያት በበርካታ የአሜሪካ ግዛቶች ያለ አፈር ምርመራ ፎስፈረስ በሣር ላይ መበተን በሕግ የተከለከለ ወይም የተገደበ ነው። ፖታሽ ሣሩ ድርቅንና መረገጥን እንዲችል ይረዳዋል። ብጣሹ በየጊዜው ተለቅሞ የሚወሰድበት ሣር ላይ ፖታሽ ቶሎ ያንሳል።

መጸው፦ ዋናው ማዕድ

ዓመቱን እዚህ መጀመር ይሻላል። ከኦገስት መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ባለው ጊዜ፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ብሎ ጠዋት ጤዛው መክበድ ሲጀምር፣ 5 ግራም ናይትሮጅን በካሬ ሜትር ይስጡ። ግማሹ ፈጣን፣ ግማሹ ቀስ ብሎ የሚለቅ ቢሆን ጥሩ ነው። ሣሩ ከሙቀቱ የወጣው ተጎሳቁሎ ነው፤ ሥሩ አጥሯል፣ አንዳንድ ቦታ ሳስቷል። የመጀመሪያው ማዕድ ያንን ይጠግናል፤ ከእያንዳንዱ ግንድ ሥር አዲስ ቡቃያ ይወጣል፣ ሣሩም ይደፍናል። ከዓመቱ ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ ማዳበሪያ የሚሰጥ ሰው ቢኖር ያች አንዷ ይህች ትሁን።

አፈሩ ደርቆ ሣሩ ገና እንቅልፍ ላይ ከሆነ ግን ቀን ቆጥረው አይበትኑ። መጀመሪያ ውኃ ያጠጡ፤ አረንጓዴው ሲመለስ ይስጡ።

የሳሳ ሣር ላይ ዘር የሚጨመረውም በዚሁ ጊዜ ነው፤ ከመጀመሪያው ጠንካራ ውርጭ በፊት ቢያንስ ስድስት ሳምንት መኖር አለበት። ለዘር ፎስፈረስ ያለው ማስጀመሪያ ማዳበሪያ ይሻላል፣ የአፈር ምርመራው በቂ ነው ካላለ በቀር። ዘሩና ማዳበሪያው በአንድ ቀን ቢበተኑ ችግር የለም። ቡቃያው ከወጣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በኋላ ሌላ 2.5 ግራም ይጨመርለታል፤ ሥሩ ገና አጭር ስለሆነ ጠልቆ መፈለግ አይችልም።

ሁለተኛው የመጸው ማዕድ ከመጀመሪያው አምስት ስድስት ሳምንት ቆይቶ፣ ኦክቶበር አጋማሽ አካባቢ ነው፤ ከ2.5 እስከ 4 ግራም። ይህኛው በፍጥነት የሚሟሟ ይሁን፤ በቀዘቀዘ አፈር ቀስ ብሎ የሚለቀው ዓይነት ሳይፈታ ብርዱ ይደርስበታል።

እዚህ ላይ ለረጅም ጊዜ ሲነገር የቆየ ምክር አለ፦ የመጨረሻው ማጨድ ካለቀ በኋላ፣ ኖቬምበር ውስጥ፣ ሣሩ አረንጓዴ እያለ ከባድ ማዳበሪያ መስጠት። ሐሳቡ ቅጠሉ ቆሞ ሥሩ ብቻ ይበላል የሚል ነበር። ሥሩ ግን አፈሩ በቀዘቀዘ ቁጥር ናይትሮጅን የመቅዳት አቅሙ ይወርዳል፤ ያልተቀዳው ደግሞ ከብርዱ ወራት ዝናብና ከሚቀልጠው በረዶ ጋር ወደ ታች ይሄዳል። ስለዚህ የቀንና የሌሊቱ አማካይ ሙቀት ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ የዓመቱን የመጨረሻ ማዳበሪያ ጨርሰው ይሁን። በአሸዋማ አፈር ላይ ከዚያም ቀደም ብሎ ቢቆም ይመረጣል።

የረገፈውን ቅጠል ነገር እግረ መንገዳችንን፦ ስስ ሆኖ የተነጠፈ ከሆነ በማጨጃው ሁለት ሦስት ጊዜ ፈጭተው እዚያው ይተዉት። ሣሩ እስኪሸፈን የተከመረ ከሆነ ይጠረግ፤ ከሥሩ ያለው ሣር ብርሃን አጥቶ ይበሰብሳል፣ ማዳበሪያውም ቅጠሉ ላይ ይቀራል።

የብርድ ወራት

ምንም አይበተንም። የቀዘቀዘ ድንጋይ መሰል መሬት ላይ ወይም በረዶ ላይ የወደቀ ማዳበሪያ ሥር ሳያገኝ በመጀመሪያው መቅለጥ ወደ ጎርፍ መውረጃ ይገባል። ዘግይቶ ናይትሮጅን የጠጣ ለስላሳ ሣር በረዶ ሥር ለሚፈላ ሻጋታም የተመቸ ነው፤ በረዶው ሲነሳ ግራጫ ወይም ሮዝ ጨርቅ የለበሱ የሚመስሉ ክብ ጠባሳዎች ይታያሉ።

ጸደይ፦ እጅዎን ይያዙ

በመጸው በደንብ የተመገበ ሣር ማርች ላይ ሳይጨመርበት ራሱ ያረነጉዳል። ለእሱ እስከ ሜይ መጨረሻ መታገስ ነው። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ግስጋሴ ጋብ ይላል፤ ከ3 እስከ 4 ግራም፣ ቢያንስ ግማሹ ቀስ ብሎ የሚለቅ የሆነ ይስጡ። ይህ ሙቀቱን የሚሻገርበት ስንቅ ነው።

በመጸው ምንም ያላገኘ፣ የገረጣና የሳሳ ሣር ግን ትንሽ ቀደም ብሎ ይረዳል፦ አፈሩ 13 ዲግሪ ያህል ሲደርስና ሣሩ ሁለት ጊዜ ከታጨደ በኋላ 2.5 ግራም። ሁለት ጊዜ መታጨዱ ምልክት ነው፤ ሥሩ ነቅቶ እየሠራ መሆኑን ይናገራል። ከዚያ በፊት የሚበተነው ጠፍቶ የሚቀር ነው።

በጸደይ የሚሸጠው አረምን ቀድሞ የሚከላከል መድኃኒት የተቀላቀለበት ማዳበሪያ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መድኃኒቱ የሚበቅለውን ዘር ሁሉ ያስቆማል፤ የሣር ዘርም ዘር ነው። በዚያ ጸደይ ዘር ለመዝራት ያሰበ ሰው አይንካው።

የሙቀት ወራት

አየሩ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ የብርድ ወዳድ ሣር ሥር ማጠር ይጀምራል፣ አንዳንዱ ሣር ቡናማ ሆኖ ይተኛል። የተኛ ሣር አልሞተም። ከሥሩ ያለችው ነጭ የእድገት እምብርት በሕይወት እንድትቆይ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ውኃ ይበቃታል። ያን ጊዜ ናይትሮጅን መስጠት የታመመን ሰው አስነስቶ እንደ ማስሮጥ ነው።

አደጋው ድካም ብቻ አይደለም። ሌሊቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ሆኖ አየሩ ሲታፈን፣ በናይትሮጅን የለሰለሰ ቶል ፌስኪውና ራይግራስ ብራውን ፓች የሚባለው የፈንገስ በሽታ ይይዘዋል። ከጥቂት ሴንቲ ሜትር እስከ አንድ ሜትር የሚሰፋ ቡናማ ክብ ነው፤ ጠዋት ጤዛው ሳይነሳ ጎንበስ ብለው ቢያዩት ዳር ዳሩን ጭስ የመሰለ ጥቁር ቀለበት ይኖረዋል። ይህን ሲያዩ ድርቀት መስሎዎት ማታ ማታ ውኃና ማዳበሪያ ቢጨምሩለት ያባብሱታል። ውኃ የሚጠጣው ንጋት ላይ ነው፣ ማዳበሪያው ይቆማል።

በአንጻሩ የተራበ ሣርም የራሱ በሽታ አለው። ራይግራስና ብሉግራስ ላይ ጫማን ብርቱካናማ የሚያደርግ ዋግ፣ ቅጠል ጫፍ ላይ ሮዝ ክር የሚያወጣ በሽታ፣ የሳንቲም ስፋት ያላቸው ገለባ መሰል ነጠብጣቦች፤ እነዚህ ባብዛኛው ናይትሮጅን አነሰኝ የሚሉ ናቸው። ሣሩ ውኃ እየጠጣ ካልተኛ 2.5 ግራም ቀስ ብሎ የሚለቅ ማዳበሪያ ቀዝቀዝ ባለ ሳምንት ቢያገኝ ብዙ ጊዜ እያደገ ይጥለዋል።

ሣሩ የገረጣበትና እድገት ሳይሆን ቀለም ብቻ የሚፈልግ ሰው ብረት ይጠቀም። 1 ግራም ያህል ፌረስ ሰልፌት በካሬ ሜትር በውኃ ተሟሙቶ ቅጠሉ ላይ ሲረጭ በሁለት ቀን ያጠቁረዋል፣ ሳያስረዝመው። ሲሚንቶና የድንጋይ ንጣፍ ላይ ከነካ ግን የዛገ ቀለሙ አይለቅም፤ ወዲያው በውኃ ይታጠብ።

አበታተኑ

ጥሩ ፕሮግራም በመጥፎ አበታተን ይበላሻል። ሁለት ዓይነት መበተኛ አለ፦ ከሥሩ ባለ ሽክርክሪት ዙሪያውን የሚወረውርና ቀጥታ ወደ ታች የሚያንጠባጥብ። የሚወረውረው ለሰፊ ቦታ ይፈጥናል፤ የሚያንጠባጥበው ለጠባብ ቦታና ለአበባ መደብ ዳር ይመረጣል፣ ግን መንኮራኩሩ በመንኮራኩር ፈለግ ላይ ካልሄደ ያልተነካ መስመር ይተዋል።

ጆንያው ላይ የተጻፈውን የመክፈቻ ቁጥር እንደ መነሻ ብቻ ይውሰዱት። የእርምጃ ፍጥነት፣ የፍሬው መጠንና የመበተኛው እርጅና ሁሉም ይለውጡታል። መለካቱ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። 25 ሜትር ርዝመት ምልክት ያድርጉ። መበተኛው በውጤታማ ሁኔታ የሚሸፍነውን ስፋት ይወቁ፤ ሽክርክሪቱ መሐሉ ላይ ያበዛል፣ ዳሩ ላይ ያሳሳል፣ ስለዚህ አጠቃላይ 3 ሜትር የሚወረውር ከሆነ 2 ሜትር ብለው ይያዙት። 25 በ2 ሲባዛ 50 ካሬ ሜትር ነው። ካሬ ሜትሩ 20 ግራም ማዳበሪያ ከደረሰው፣ በሁለት ዙር ስለሚበተን ለአንዱ ዙር 10 ግራም፣ ማለት ለ50 ካሬ ሜትር 500 ግራም መውጣት አለበት። 3 ኪሎ መዝነው ይክተቱ፤ በተለመደው እርምጃዎ እየተራመዱ መነሻው ምልክት ላይ ይክፈቱ፣ መድረሻው ላይ ይዝጉ፤ የቀረውን ይመዝኑ። 2.5 ኪሎ ከቀረ ልክ ነው። 2.2 ከሆነ መክፈቻውን ያጥብቡና ይድገሙት። ሁልጊዜ ከጠባቡ ይጀምሩ። የለኩበትን ቁራጭ ምልክት አድርገው በኋላ በአንዱ ዙር ይዝለሉት፤ ያለዚያ እዚያ ብቻ ትርፍ ይደርሰዋል።

ሁለት ዙር የተባለው የመጀመሪያው ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ሁለተኛው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተበተነ ማዳበሪያ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሜዳ አህያ መስመር ያወጣል፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ገርጣታ። መጀመሪያ የሣሩን ሁለት ጫፎች በስፋት ይበትኑ፤ ከዚያ እዚያ ሲደርሱ እየዘጉ ይዙሩ። መሄድ ሳይጀምሩ አይክፈቱ፣ ሳይቆሙ ይዝጉ። ቆሞ የተከፈተ መበተኛ በሦስት ሰከንድ የእጅ መዳፍ የሚያህል ክምር ይጥላል።

መበተኛውን ሣር ላይ ሆነው አይሙሉ፤ ሸራ ላይ ወይም ንጣፍ ላይ ይሙሉት። ሣር ላይ ከፈሰሰ በእጅ አይበትኑት፣ እየተሰባበረ ቅጠል ሥር ይገባል። ሊታፈስ የሚችለውን ያፍሱ፣ የቀረውን በቫኩም ይጥረጉ፤ ከዚያ ብቻ በውኃ ያጥቡት፣ በትንሹ 25 ሚሊ ሜትር ያህል፣ በሁለት ሦስት ጊዜ። ውኃው ቀድሞ ከፈሰሰበት ጨው የበዛው ፈሳሽ ሥሩ ላይ ይወርድና ክቡ ለወራት ባዶ ይቀራል።

ቅጠሉ ደረቅ ሲሆን ይበትኑ። ጤዛ ያለበት ቅጠል ላይ ፍሬዋ ትጣበቃለች፤ ፀሐይ ስትወጣ ጠብታዋ ትደርቅና ጨዉ ቅጠሏ ላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይቀራል፣ በሁለተኛው ቀን ነጥቧ ቡናማ ትሆናለች። አረም በቅጠሉ የሚገድል መድኃኒት የተቀላቀለበት ዓይነት ብቻ የተለየ ነው፤ እሱ እርጥብ ቅጠል ላይ እንዲጣበቅ ይፈለጋል።

ከተበተነ በኋላ 5 ሚሊ ሜትር ውኃ፣ ማለት በካሬ ሜትር 5 ሊትር፣ ያጠጡ። ጎኑ ቀጥ ያለ ባዶ ቆርቆሮ ሣሩ ላይ አስቀምጠው የሞላውን በማስመሪያ ቢለኩ መርጫው ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ይታወቃል። ዩሪያ በተለይ ውኃ ሳይነካው በሞቃት ቀን ከቆየ ወደ ጋዝ ተቀይሮ ይጠፋል። ዶፍ ዝናብ በሚጠበቅበት ቀን ደግሞ አይበተንም። ንጣፍ ላይ የወደቁትን ፍሬዎች ወደ ሣሩ ይጥረጓቸው፤ በቱቦ ወደ መውረጃ አይግፏቸው። ከወንዝ፣ ከኩሬና ከጉድጓድ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይራቁ። ሥራው ሲያልቅ መበተኛው ታጥቦ ይድረቅ፤ ማዳበሪያ ጨው ስለሆነ ብረቱን በአንድ ወቅት ይበላዋል።

ለ300 ካሬ ሜትር ቶል ፌስኪው አንድ ሙሉ ዓመት

ብጣሹ እዚያው የሚቀርበት፣ ፀሐይ የሚያገኝ፣ 12 ግራም ናይትሮጅን በዓመት የተወሰነለት ሣር ነው እንበል፤ ማዳበሪያውም 25 በመቶ ናይትሮጅን። ሴፕቴምበር መጀመሪያ 5 ግራም፣ ማለት 6 ኪሎ ማዳበሪያ። ኦክቶበር አጋማሽ 3 ግራም፣ 3.6 ኪሎ። ሜይ መጨረሻ 4 ግራም፣ 4.8 ኪሎ። የዓመቱ ድምር 14.4 ኪሎ ነው። ብዙ ሰው በአንድ የማርች ቅዳሜ የሚጨርሰው ከዚህ የሚበልጠውን ነው። የማጨጃው ቁመት ከ7.5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ በአንድ ጊዜ ከቅጠሉ ሲሶ በላይ አይቆረጥም። በአጭሩ የተላጨ ሣር ሥሩም ስለሚያጥር የተሰጠውን ማዳበሪያ አይደርስበትም።

ቀለሙ ሲያወዛግብ

ቢጫነት ሁሉ ረሃብ አይደለም። ናይትሮጅን ያነሰው ሣር መጀመሪያ የሚገረጣው ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ላይ ነው፤ እድገቱ ይዘገያል፣ ክሎቨር ይበዛል። ብረት ያነሰው ግን አዲሱ ቅጠል ይገረጣል፣ ጅማቶቹ አረንጓዴ ሆነው መካከሉ ቢጫ ይሆናል፤ እድገቱም አይቆምም። ይህ ፒኤቹ ከፍ ባለ አፈር ላይ የተለመደ ነው፤ ናይትሮጅን ቢጨመርበት ይብስበታል። ከታጨደ በማግስቱ ሜዳው በሙሉ ነጣ ካለ አንድ ቅጠል ነቅለው ጫፉን ይዩ፤ የተቆረጠ ሳይሆን የተበጣጠሰ ከሆነ ጥፋቱ የማጨጃው ቢላ ነው፣ ይሳል። መሐሉ የሞተ፣ ዙሪያው ከሌላው ይልቅ ጥቁር አረንጓዴ የሆነ ክብ ደግሞ የውሻ ሽንት ነው፤ መሐሉ ላይ ናይትሮጅኑ በዛ፣ ዳሩ ላይ ልኩን አገኘ።

ማዳበሪያው ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ቦታ በሰሌዳ ጣውላ ሸፍነው ይበትኑ፣ ከዚያ ጣውላውን ያንሱ። በሦስት ሳምንት ያ ቁራጭ ከአካባቢው ጎልቶ ከገረጣ ሣሩ ፈልጎት ነበር። ልዩነቱ ካልታየ አፈሩ የራሱ ስንቅ አለው፤ ለሚቀጥለው ዙር መጠኑን በሲሶ ይቀንሱ፣ ጣውላውንም ሌላ ቦታ ያስቀምጡ።